ፖሊካርፐስ በፍላሽ፦ ትረካው ጥሩ ነው፣ እራቱን ግን ቆርጠውታል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የመዝሙርና የመንፈሳዊ መጻሕፍት ሱቆች በአንዱ የገዛሁት የድምፅ ትረካ ነው። የሰምርኔሱን ጳጳስ የቅዱስ ፖሊካርፐስን ሕይወትና ሰማዕትነት ይተርካል። በፍላሽ ነው የሚሸጠው። 12 ክፍል ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዋጋው 300 ብር። የሱቁንም ያዘጋጁትንም ሰዎች ስም አልጠራም፤ ደሴ እንደሆነች ያን ያህል ሰፊ አይደለችም፣ የሚያውቅ ያውቃቸዋል።

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ግዙት። ግን ከመስማታችሁ በፊት ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የምታስተካክሉት ነገር አለ፣ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ሌላው ደግሞ ከታሪኩ ውስጥ እኔ በጣም የምወደውን ቦታ ዘለውታል። ይሄ ጽሑፍ የረዘመው በሱ ምክንያት ነው።

የገዛሁት ለእናቴ ነው። ሐይቅ ነው የምትኖረው። ዓይኗ ስለደከመ ድርሳኑንም ገድሉንም እንደ ድሮው ማንበብ አልቻለችም፤ ሬዲዮ ደግሞ ወሬው በዛብኝ ትላለች። ትንሽ የቻይና ስፒከር አለቻት፣ ፍላሽ የምትወስድ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የምትሠራ። እሷ ላይ ሰክቼ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብለን እንሰማለን ብዬ ነው።

ሱቁን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም ማለት ይቻላል። ሻጯ ልጅ ፍላሹን ከማሸጊያው አውጥታ እዚያው ሰክታ አሰማችኝ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ ቦታ «ታሽጓል አይከፈትም» ይሉህና ቤትህ ስትደርስ ባዶ ይሆናል፣ ልትመልስ ስትሄድ ደግሞ ሰውዬው ከነመልክህ ረስቶሃል። እሷ ግን «ካልሠራ አምጣው፣ እቀይርልሃለሁ» አለችኝ፤ ስልኳንም ጻፈችልኝ። ደረሰኝ የለም። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ዕጣኑና ጧፉ አንድ ላይ ስለተደረደረ ከወጣህ በኋላም ልብስህ ይሸታል፣ ለኔ ይሄ እንደ ጥቅም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ማሸጊያው። ካርቶኑ ላይ ጢማቸው የነጣ አባት ቆመዋል፣ ከጎናቸው ግዙፍ አንበሳ አፉን ከፍቷል። ሥዕሉ ያምራል። ችግሩ ፖሊካርፐስን አንበሳ አልበላውም። አልነካውምም። እርግጥ ሕዝቡ አንበሳ ይለቀቅበት ብሎ ጮኋል። ልመናው የቀረበው ፊልጶስ ለሚባል ሹም ነበር፤ ሰውየው በእስያ አውራጃ በዓሉንና ትርዒቱን የሚመራ ነው። እሱም የአራዊቱ ትርዒት ስላበቃ አልችልም ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ነው እንግዲያውስ በእሳት ይቃጠል ያሉት። ለአንበሳ የተሰጠው የአንጾኪያው አግናጥዮስ ነው፣ እኛ «ምጥው ለአንበሳ» የምንለው። ሁለቱ በሕይወት ሳሉ ይተዋወቃሉ። አግናጥዮስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ሰምርኔስ ላይ አረፈ፣ እዚያው ሆኖ ደብዳቤዎች ጻፈ፣ ጉዞውን ቀጥሎ ጢሮአዳ ሲደርስም ለራሱ ለፖሊካርፐስ ጻፈለት። አዘጋጆቹ ሁለቱን አምታተዋቸው ይሁን ወይስ አንበሳ ያለበት ካርቶን ቶሎ ይሸጣል ብለው፣ እነሱ ያውቃሉ። ብቻ አንበሳው ካርቶን ላይ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ትረካው ውስጥም ያገሳል። ያውም ድምፁን ከፍ አድርገውት። የጎረቤት ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ።

ሁለተኛው ችግር የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ነው፣ ኮምፒውተር ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ ሰይመዋቸዋል። ርካሽ ማጫወቻ ደግሞ ቁጥር አይቆጥርም፣ እንደ ፊደል ነው የሚደረድረው። ስለዚህ ክፍል 1 ሲያልቅ ክፍል 10 ይመጣል፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ ተመልሶ 2። ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ፖሊካርፐስ ገና በልጅነቱ ከወንጌላዊው ዮሐንስ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሲማር እንሰማና ወዲያው እሳት ውስጥ ነው። እናቴ ሲኒ እንደያዘች ቀጥ አለች። «አሁን ይማር አልነበር እንዴ? መቼ ያዙት?» አለችኝ። ካቃጠሉት በኋላ አፅሙን ሰበሰቡ፣ የመዝጊያ ጸሎት ተደረገ፣ ስፖንሰር ተመሰገነ፣ ከዚያ ሰውዬው ተመልሶ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ስማቸውን 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ ቀይሩ፣ ፍላሹ ላይ ያለውን አጥፉ፣ ከዚያ በተራ አንድ በአንድ መልሳችሁ ጫኑ። አንድ በአንድ ያልኩት አንዳንዱ ስፒከር በተጫነበት ቅደም ተከተል ስለሚያጫውት ነው። ኮምፒውተር የሌላችሁ ሚሞሪ የሚጭኑ ልጆች ጋ ብትሄዱ ያስተካክሉላችኋል። ይሄን ግን መሥራት የነበረበት ሻጩ ነው። 300 ብር ከፍሎ የሚገዛው ሰው አብዛኛው እንደኔ ለሽማግሌ ወይ ለአሮጊት ነው የሚገዛው።

እሺ፣ ትረካው ራሱስ?

ተራኪው በጣም ጎበዝ ነው። ድምፁ አይቸኩልም፣ አይጮህም፣ ግዕዙን ሲያነብ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። አጀማመሩም ተመችቶኛል። ከዮሐንስ ራእይ ነው የሚነሳው፣ ለሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ከተጻፈው፦ «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን የሕይወትንም አክሊል እሰጥሃለሁ»። ከዚያ ሰምርኔስ ዛሬ በቱርክ ኢዝሚር የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ መሆኗን ይናገራል። ፖሊካርፐስ ከሐዋርያት የተማረ፣ ጌታን ካዩት ሰዎች ጋር የተነጋገረ፣ ከነሱ ትውልድ በኋላ የቆየ ሰው እንደሆነ በደንብ ያስረዳል። የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ በልጅነቱ እንዳየው፣ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ አገባቡንና አወጣጡን፣ ስለ ዮሐንስ ያወራውን ሁሉ ካደገ በኋላም ያስታውስ እንደነበር ይጠቅሳል። ዮሐንስ፣ ፖሊካርፐስ፣ ሄሬኔዎስ፤ አንዱ ከአንዱ በጆሮው የሰማ። እዚህ ጋ በገና አለ፣ በልኩ ነው።

ወደ ሮም የሄደበትንም አካተዋል። በዕድሜው መጨረሻ አካባቢ ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቅጦስ ጋር ስለ ፋሲካ ቀን ተነጋገሩ። የእስያዎቹ በወሩ 14ኛው ቀን፣ አይሁድ ፋሲካ በሚያርዱበት፣ ያከብራሉ፤ ሮም ግን በእሁድ። አልተስማሙም። አንዱም ሌላውን አላሳመነም። ሆኖም አኒቅጦስ ቁርባኑን እንዲቀድስ ለፖሊካርፐስ ለቀቀለት፣ በሰላምም ተለያዩ። ትረካው ይሄን በሁለት ደቂቃ ያልፈዋል። እኔ ብሆን አሥር ደቂቃ እሰጠው ነበር፣ ግን ይሁን፣ ቢያንስ አለ።

የሌለው የእራቱ ነገር ነው።

ይሄን ለማስረዳት ታሪኩ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። የሰምርኔስ ክርስቲያኖች ጳጳሳቸው ከተገደለ በኋላ ፊሎሜልዮም ለምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጻፉ። ያዩትን ነው የጻፉት። ከአዲስ ኪዳን ውጭ ካሉት የሰማዕታት ታሪኮች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስም ብዙውን ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 155 ወይም 156 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደብዳቤው ውስጥ የሚያስደንቀኝ ተአምሩ ብቻ አይደለም። ትንንሹ ነገር ነው። ማን ምን እንዳለ፣ አህያው፣ ሠረገላው፣ ጫማው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ስደቱ ሲነሳ ፖሊካርፐስ መጀመሪያ ከከተማው አልወጣም አለ። ወዳጆቹ ለመኑት፣ ከከተማው ብዙ ወደማይርቅ የእርሻ ቤት ሄደ። እዚያ ሌት ተቀን ይጸልያል። ከመያዙ ሦስት ቀን በፊት ትራሱ በእሳት ሲቃጠል በራእይ አየ፣ አብረውት ላሉትም በሕይወቴ ልቃጠል ነው አላቸው። ፈላጊዎቹ ሊደርሱበት ሲሉ ወደ ሌላ እርሻ ሄደ። ፈላጊዎቹ ሁለት ልጆች ያዙ፣ አንዱን ሲገርፉት ተናገረ። ዓርብ በእራት ሰዓት ፈረሰኛና መሣሪያ የያዘ ሰው ሆነው መጡ፣ ልክ ወንበዴ እንደሚያሳድድ። ሽማግሌው ፎቅ ላይ ነው። ማምለጥ ይችል ነበር፤ ደብዳቤው ይሄን በግልጽ ይላል። እሱ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን አለ።

ከዚያ ወረደ። አዋራቸው። እነሱ ዕድሜውንና እርጋታውን አይተው ለዚህ ሽማግሌ ነው ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ብለው ገረማቸው። እሱ ወዲያው ማዕድ ይቅረብላቸው አለ። የፈለጉትን ያህል ይብሉ፣ ይጠጡ። ለራሱ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳልረበሽ አንድ ሰዓት ልጸልይ። ፈቀዱለት። ቆሞ መጸለይ ጀመረ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ጸለየ። በሕይወቱ ያገኘውን ሰው ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ እያስታወሰ። ሊያስሩት ከመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ አባት ልንይዝ መምጣታችን ብለው ተጸጸቱ።

ትረካው ከዚህ ውስጥ ምኑን ወሰደ? ክፍል 6 መጨረሻ ላይ ፈረስ ይጋልባል፣ በር ይሰበራል፣ ሰው ይጮኻል። ክፍል 7 ሲጀምር ስታዲየሙ ውስጥ ነን። በቃ። ማዕዱ የለም፣ የሁለት ሰዓቱ ጸሎት የለም። ደግሞ በሩን ማን ሰበረው? ደብዳቤው ላይ የተሰበረ በር የለም። ሽማግሌው ራሱ ነው ወርዶ የተቀበላቸው።

እና እኔ ማጫወቻውን አቆምኩና ለእናቴ በቃሌ ነገርኳት። የጎረቤታችን ሐጂም ነበሩ፣ ለሁለተኛው ቡና ጎራ ብለው። እሳቸው የክርስቲያን ገድል ሲሰማ ቁጭ ማለት አይከብዳቸውም፣ እናቴም እሳቸው ለሰላት ሲነሱ ስፒከሯን ራሷ ትዘጋለች፤ ሐይቅ ላይ ይሄ ወሬ የሚሆን ነገር አይደለም። ሐጂ ዝም ብለው ሰምተው ሰምተው፣

«ቆይ ቆይ፣ ሊወስዱት ለመጡት ነው ያበላው?» አሉኝ።

«አዎ ሐጂ።»

«የእግዜር እንግዳ ብሎ?»

«እንደዚያ ነገር።»

«እህ! ታዲያ ይኼ የኛ አገር ሰው ነዋ!» ብለው ሳቁ።

እናቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የያዛት። «ዓርብ ነው አላልክም? ምን አቀረበላቸው?» አለች። ደብዳቤው የምግቡን ዓይነት አይዘረዝርም፣ እሷ ግን ሽሮ ነው ብላ ደምድማለች። ከዚያ ሐጂና እሷ ጠላት ደጅ ሲደርስ እንኳ ሳይበላ አይሄድም በሚለው ነገር ላይ ቡናው እስኪበርድ አወሩ፣ ሐጂ የአባታቸውን ጊዜ አነሱ፣ እሷም የአያቷን። 300 ብር ከፍዬ ያገኘሁት ምርጥ ጨዋታ ፍላሹ ላይ ከሌለው ክፍል የተነሳ ነው።

አዘጋጆቹ ለምን እንደቆረጡት ይገባኛል ብዬ አስባለሁ። ማዕድ ድምፅ የለውም። አንበሳ ያገሳል፣ እሳት ይንጣጣል፣ ሕዝብ ይጮኻል። አንድ የ86 ዓመት ሽማግሌ ለወታደር እንጀራ አቅርቡ ሲል ምን ኢፌክት ይገባለታል? ግን ስታዲየሙ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ያንን ሳትሰማ የሚቀጥለውን ስትሰማ ሰውዬው ግትር ሽማግሌ ይመስልሃል።

መንገዱንም እንዲሁ ዘለውታል። በአህያ አስቀምጠው ወደ ከተማ ሲወስዱት የጸጥታው ሹም ሄሮድስና አባቱ ኒቂጣስ በሠረገላ መጥተው ተቀበሉት። ሄሮድስ ሲባል የወንጌሉ አይደለም፣ ከሱ በብዙ ዓመት በኋላ የነበረ ነው። አጠገባቸው አስቀምጠው ሊያባብሉት ሞከሩ። ቄሣር ጌታ ነው ብትል፣ ዕጣን ብታጥን፣ ምን ይጎዳሃል? መጀመሪያ ዝም አላቸው። ሲያበዙበት የምትመክሩኝን አላደርግም አለ። ተናደዱ፣ ከሠረገላው ገፍትረው አወረዱት፣ ቅልጥሙ ተላጠ። እሱ ግን ምንም እንዳልደረሰበት ዘወር ሳይል ፈጠን ብሎ ሄደ። እንዴት ይሄ ይዘለላል?

ከክፍል 7 በኋላ ግን ትረካው ይነሳል፣ መመስገን አለበት። አገረ ገዢው ዕድሜህን አክብር፣ በቄሣር ማል፣ «ከሃዲዎች ይጥፉ» በል ይለዋል። ያኔ አማልክቱን ስለማያመልኩ ከሃዲ የሚባሉት ክርስቲያኖቹ ናቸው። ፖሊካርፐስ ዘወር ብሎ ስታዲየሙን የሞላውን ሕዝብ ተመለከተ፣ እጁን ወደነሱ ወዘወዘ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ተነፈሰና «ከሃዲዎች ይጥፉ» አለ። ተራኪው እዚህ ጋ ድምፁን ሳያነሳ ነው ያለው፣ ትንሽ ዝምታ ይከተላል። እናቴ ሳቀች። የገባው ሰው ይስቃል።

ከዚያ ታዋቂው ቃል ይመጣል። ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ ሲለው፦ «86 ዓመት አገለገልሁት፣ አንዳች ክፉ አላደረገብኝም፤ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» ተራኪው ይሄን ሁለቴ ነው የሚለው፣ ሁለተኛው አላስፈለገም። አንዴ በቂ ነው። ሰው ከሰማ ሰማ።

ጫማውም አለ፣ እግዜር ይስጣቸው። እንጨቱን ሕዝቡ ከየሱቁና ከየመታጠቢያ ቤቱ ሰብስቦ ሲከምር ፖሊካርፐስ ልብሱን አውልቆ ቀበቶውን ፈታ፣ ጫማውን ለማውለቅም ታገለ። ከዚህ በፊት ራሱ አውልቆ አያውቅም፤ ምእመናኑ ማን ቀድሞ ይነካዋል እያሉ ይሽቀዳደሙ ነበርና። ሊቸነክሩት ሲሉ ተዉኝ፣ እሳቱን እንድታገሥ ኃይል የሚሰጠኝ ያለ ችንካርም ጸንቼ እንድቆም ያደርገኛል አላቸው። አሰሩት ብቻ። እሳቱ እንደ መርከብ ሸራ ተነፍቶ ከበበው፣ እሱ መካከል ላይ እንደሚጋገር ኅብስት፣ እንደሚነጥር ወርቅና ብር ሆኖ ታየ፣ ሽታውም እንደ ዕጣን አወዳቸው። እሳቱ አልበላው ሲል በጩቤ ወጉት፣ ደሙ እሳቱን አጠፋው። ይሄን ሁሉ ተራኪው በጥሩ ሁኔታ ይዞታል። በገናው ግን ልክ ጸሎቱ ላይ ከድምፁ በላይ ወጣ። ድምፅ የሚያቀናብረው ልጅ እዚያ ጋ እጁን ሊሰበስብ ይገባው ነበር።

አንድ የሰዓት ስህተትም አለ፣ ትንሽ ናት ግን እኛን ሐበሾቹን ነው የምታስቀው። ትረካው ሰማዕትነቱን የተቀበለው «ከቀኑ 2 ሰዓት» ላይ ነው ይላል። ደብዳቤው ግን በስምንተኛው ሰዓት ነው የሚለው። የድሮዎቹ ሰዎች ቀኑን የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ስለዚህ በኛ ሰዓት 8 ሰዓት ነው፣ ምንም መለወጥ አያስፈልገውም። አዘጋጁ ከፈረንጅ መጽሐፍ ላይ 2 ሰዓት የሚል አግኝቶ እንዳለ አንብቦታል፤ በሱ ስሌት ሽማግሌውን ጠዋት ቁርስ ሰዓት ላይ ገደሉት ማለት ነው። ቀኑም የሚያምር ነገር አለው። ደብዳቤው የሚናገረው ቀን በሮማውያኑ በዚያን ጊዜ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23 ነው፣ እሱም በትክክል የኛ የካቲት 29 ላይ ይውላል፤ በስንክሳር የሚታሰብበትም ቀን ይኸው ነው። ካርቶኑ ላይ የካቲት 29 ብለው በትክክል ጽፈዋል፣ ሰዓቷን ብቻ ቢያዩዋት ምን ነበረበት።

ቍንጦስ የሚባል ሰውም አለ፣ ከፍርግያ የመጣ። እሱ ሳይጠራ ራሱ ሄዶ እጁን የሰጠ፣ ሌሎችንም ያነሳሳ ነው። አራዊቱን ሲያይ ፈራ፣ ማለ፣ ሠዋ። የሰምርኔስ ሰዎች ታዲያ ወንጌሉ እንዲህ ስለማያስተምር ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም ብለው ጽፈዋል። ትረካው ቍንጦስን አይጠራውም። ሰማዕት ታሪክ ውስጥ የፈራ ሰው መስማት የማይፈልግ አድማጭ ይኖራል ብለው ይሆናል። ለኔ ግን ፖሊካርፐስ መጀመሪያ ወደ እርሻው የሄደበት ነገር የሚገባው ከቍንጦስ ጋር ሲሰማ ነው። አንዱ ተደብቆ ሲያገኙት እራት አቀረበ፣ ሌላው ፈልጎ ሄዶ አራዊቱን ሲያይ ካደ።

ማስታወቂያው ደግሞ! ክፍል 5 መሀል ላይ፣ ልክ ጳጳሱ ስለ መናፍቁ ማርቅዮን ሐሰት ትምህርት ሲናገር፣ የአዳራሽ ኪራይ ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ገባ። ከፍዬ የገዛሁት ነገር ላይ ማስታወቂያ አልፈልግም። መጨረሻ ላይ ቢያደርጉት ማንም አይከፋም ነበር።

አጠቃላይ? ለተራኪው ከ10 ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። ለድምፅ ቅንብሩ አምስት። ታሪኩን ለጻፈው ሰው ስድስት፤ ማዕዱንና መንገዱን ቢጨምርበት ያለ ማንገራገር ዘጠኝ። ለሱቁ ስምንት፣ ደረሰኝ ቢሰጡ ዘጠኝ። ካርቶኑ ላይ ላለው አንበሳ ነጥብ የለኝም፣ የአግናጥዮስን ትረካ ሲሠሩ ያውጡት። ዋጋው ውድ አይደለም፣ ፍላሹ ራሱ 8 ጊጋ ስለሆነ በላዩ ላይ ሌላ መጫን ይቻላል። በሚሞሪ አስቀድቶ በ20 ብር መስማት እንደሚቻል አውቃለሁ፣ እንዳታደርጉት። እነዚህ ልጆች ትንሽ ገንዘብ ካገኙ የሚቀጥለውን አሻሽለው ይሠሩታል፣ ድምፁ አላቸው።

እኔ ለእናቴ ያደረግኩት ይሄን ነው። ዓርብ ማታ የሆነውን፣ ከማዕዱ እስከ ሠረገላው፣ በስልኬ ራሴ ቀድቼ በክፍል 06 እና 07 መሀል አስገብቼዋለሁ። ጥራቱ እንደነሱ አይደለም፤ የሲኒ ድምፅ አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ሐጂ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉ ይሰማል። ፍላሹን የገዛችሁ ሰዎች ከፈለጋችሁ በቴሌግራም እልክላችኋለሁ። ያልገዛችሁ መጀመሪያ 300 ብሩን ለነሱ ክፈሉ።